ዜማው ወደ አንቺ ሆዬ ሲዞር

አባቴ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ጁባ ሃይ ማላካል ሰፈር በሚገኝ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ወንዝ ያስጎበኘን ነበር። ወንዙ የሚፈሰው ከላፕቶፕ ነው። እውነተኛው ነጭ ዓባይ በቦዳቦዳ ሞተር ትንሽ መንገድ ብቻ ይርቃል፤ ግን ካለፈው ሐምሌ ተኩስ ወዲህ ልጆች ይዞ ወንዝ ዳር የሚወርድ ሐበሻ ጁባ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ የምግብ ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ ገፍተን፣ ወንበር ደርድረን፣ ጄኔሬተሩ በመስኮት እየጮኸብን የፈረንጅ ወንዝ እናዳምጣለን።

በፈረንጆች 2017 ነው፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ሠርፀ አዲስ አበባ ሙዚቃ የተማረ፣ በኦርኬስትራ ውስጥ ፍሬንች ሆርን ሲነፋ የኖረ ሰው ነው። ጁባ ላይ ሥራው የሆቴሉ አዳራሽ ጥግ ተቀምጦ ለተመጋቢ ኪቦርድ መጫወት ነበር። እናቴ በዛብሽ የዚያው ሆቴል ማድ ቤት ኃላፊ ናት፤ የምንኖረውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። የቅዳሜው ትምህርት የአባቴ የራሱ ሐሳብ ነው። የሐበሻ ልጆች ሁሉ ይመጡ ነበር፤ ለሙዚቃው ሳይሆን በኋላ ለሚታደለው ሚሪንዳ ይመስለኛል።

«አሁን ምንጩ ላይ ናችሁ» ይላል አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ። «ፍሉቷን ስሟት፤ ቀጭን ውሃ ናት። ቫዮሊኖቹ ሲገቡ ሰፋች። አሁን ጫካ ውስጥ ናችሁ። ይሄ አዳኞቹ የሚጠራሩበት የእኔ መሣሪያ ነው፤ ሆርን።»

«ቲቸር፣ ጉማሬው የታለ?» ይላል ባምላክ። ከሁላችንም ትልቅ እሱ ነው፤ ዝም ማለት አይችልም።

«በእነሱ ወንዝ ጉማሬ የለም።»

«ታዲያ ይሄ ወንዝ ነው ቦይ?»

ኑርያና ቲና በሳቅ ይንከተከታሉ። እኔ አፍራለሁ። በአባቴ ማፈር የጀመርኩት እንዲህ በትንንሹ ነው፤ ዓይኑን ሲጨፍን፣ የሌለ ኦርኬስትራ በእጁ ሲመራ፣ አስተናጋጆቹ በር ላይ ቆመው ሲያዩት።

የሚያስተምረን ግን ቀልድ አልነበረም። ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ አውሮፓ ውስጥ አንዳንድ ሙዚቀኞች ኦርኬስትራ ያለ ዘፋኝ፣ ያለ ግጥም፣ ብቻውን ታሪክ እንዲያወራ ፈለጉ፤ ማዕበሉን በከበሮ፣ መብረቁን በትንሿ ፍሉት፣ የንጋት ብርሃንን ቀስ ብለው በሚገቡ ቫዮሊኖች ሣሉ። አባቴ ይህን ሲናገር ጎረቤቱ ስላደረገው ነገር የሚያወራ ይመስላል።

አንድ ቅዳሜ «ይሄ ጦርነት ነው» ብሎ አንድ ቁራጭ አስደመጠን። ጦርነት ማንም አላስተማረንም፤ እናውቀዋለን። ቲና ጆሮዋን ያዘች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሌላ ነገር ከፈተና «ይሄ ደግሞ የፈረስ ጉግስ ነው» አለን። ኮቴውን ሰማን፣ አቧራውን አየን፤ ባምላክ ወንበሩ ላይ መጋለብ ጀመረ። ሲያልቅ አባቴ ላፕቶፑን ዘጋ።

«ሁለቱም አንድ ናቸው» አለ። «ያው ያለፈው ቅዳሜው ነው።»

«ዋሽተኸናል ማለት ነው!» አልኩ።

«እኔ እንጂ ሙዚቃው አልዋሸም። እነዚያ ሰዎች ኮንሰርት በር ላይ ወረቀት ያድሉ ነበር፤ ታሪኩ እንዲህ ነው፣ እንዲህ ብላችሁ ስሙ የሚል። ወረቀቱን ያነበበ ሰው ሌላ ነገር መስማት አይችልም።»

ከሁሉ የወደድነው ግን ሴት ስለወደደው ሙዚቀኛ የነገረን ነው። ሰውየው ለወደዳት ሴት ዜማ ሰጣት፤ በሙዚቃው ውስጥ ስሟ አይጠራም፤ ዜማዋ ከመጣ መጣች ማለት ነው። ጭፈራው መሐል ትመጣለች፣ ሜዳ ላይ ትመጣለች። ልቡ ሲቆስል ዜማዋ መልኩን ይቀይራል፤ መጨረሻ ላይ ሰይጣኖች ይጨፍሩበታል።

«አገባት?» አለች ቲና።

«ለሚቀጥለው ቅዳሜ» አለ አባቴ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ረሳው። ለማካካሻ ይመስል ለእያንዳንዳችን ዜማ ሠራልን። በበሩ ስንገባ በአንድ እጁ ይጫወተዋል። የባምላክ ዜማ እየተደናቀፈ የሚሄድ ነገር ነበር። የእኔ ፈጣን ነበር፤ ሁለቴ ሳይሰማ ያልቃል። አልወደድኩትም።

ሰናይትም ዜማ ነበራት።

ሰናይት የመጣችው ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። ፎቅ ላይ ያሉትን ክፍሎች ታጸዳለች፣ አንሶላ ታጥባለች። ተመጋቢ አታስተናግድም፤ ወደ አዳራሹ የምትወርደው ሰው ሳሳ ሲል ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የታጠበ ልብስ ጉልበቷ ላይ ክምር አድርጋ እያጠፈች አብራን ትሰማለች። ቆንጆ ናት፤ ከግንባሯ ጥግ አንስቶ ፀጉሯ ውስጥ የሚገባ ጠባሳ ነበራት፤ ሻሽ ዝቅ አድርጋ ትሸፍነዋለች።

«ጋሼ፣ እኔንም ወንዝ አደረጉኝ?» አለች የመጀመሪያ ቀን ዜማዋን ስትሰማ።

«ወንዝ አይደለሽም። አንቺው ነሽ» አላት።

ያን ቀን ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። አባቴም ሳቀ። ይህን ልብ አልኩ።

ዜማዋ በትዝታ ቅኝት ነበር። አባቴ ለዜማዎቹ ቅዳሜን አይጠብቅም፤ በሥራ ቀንም ምሳ ሰዓት ላይ ሰናይት በደረጃው ስትወርድ ይጀምረዋል። አንዳንድ ቀን ግን መሐል ላይ ዜማው ወደ አንቺ ሆዬ ይዞራል። ለኬንያዊው እንግዳና ለፈረንጁ ያው ነው፤ ደስ የሚል የሐበሻ ነገር ነው፤ ሹካውን ሳያስቀምጥ መብላቱን ይቀጥላል። ለእኛ ጆሮ ግን ሲያዋራህ የነበረ ሰው ፊቱ በድንገት ሲለወጥ ማለት ነው። ዜማው በዞረ ቁጥር ሰናይት የያዘችውን ታስቀምጥና ማንንም ሳታይ በማድ ቤቱ በር ትወጣለች። አባቴ መጫወቱን አያቆምም። ትከሻው ይገተራል፤ ግንባሩ ላብ ያቸፈችፋል።

የተማርኩትን የማልረሳ ልጅ ነበርኩ። ሙዚቀኛ አለ፤ ዜማ የተሰጣት ሴት አለች፤ ሴትየዋ ስትሄድ ዜማዋ ይበላሻል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አባቴ ሰናይትን ወዷል።

አሁን ሳስበው የሰማሁት ሁሉ ትክክል ነበር። አንድ ድምፅ አልተሳሳትኩም። ያላደረግኩት ነገር ቢኖር ዞር ብዬ በሩን ማየት ነው። ኪቦርዱ ድሮ ፊቱ ወደ ግድግዳ ነበር፤ ሰናይት በመጣች ሰሞን እናቴ ናት ወደ ግቢው በር እንዲያይ አድርጋ ያዞረችው። ጠረጴዛ ለማስፋት ነው አለች።

በዚያ በር ከሚገቡት አንዱ ዳምጠው ነበር። ዋው ከተማ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይነግዳል፤ ዕቃ ሲመጣለት ጁባ ይወርድና እኛ ሆቴል ይበላል። ከተመጋቢዎቹ ሁሉ ለአባቴ የሚያጨበጭብለት እሱ ብቻ ስለነበር በጣም እወደው ነበር።

«ጋሽ ሠርፀ!» አለው አንድ ቀን ከጠረጴዛው እየጮኸ። «እኔ ስመጣ ሁልጊዜ አንቺ ሆዬ ነው የምትጫወተው። ወሎዬ መሆኔን ማን ነገረህ?»

«ፊትህ ላይ ተጽፏል» አለ አባቴ።

ዳምጠው እንባው እስኪወርድ ሳቀና ቢራ አዘዘለት። አባቴ ቢራውን አልነካውም። እንዴት ያለ ባለጌ ነው ብዬ እኔ አፈርኩለት፤ ሄጄ በአባቴ ፈንታ «እግዜር ይስጥልን» አልኩ። ዳምጠው ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጎ «ሚጣ፣ አንቺ ትሻያለሽ» አለኝ።

ዳምጠው ሰናይትን ከአዲስ አበባ ያመጣት ሥራ አለሽ ብሎ ነው። ዋው ሲደርሱ ፓስፖርቷን ወሰደ፣ ሚስቴ ነሽ አላት። የግንባሯ ጠባሳ የእሱ ነው። ጠፍታ ጁባ ስትገባ የምታውቀው ሰው አልነበረም፤ የገባችበት የሐበሻ ሆቴል ጠላቷ ምሳ የሚበላበት መሆኑን ያወቀችው ዘግይታ ነው። በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጠው ሊሴ ፓሴ እስኪወጣላት መውጫ የለም። ነገሩን የሚያውቁት እናቴና አባቴ ብቻ ነበሩ። ሆቴሉ ሰው የሚበዛበት፣ ወሬ የማያድርበት ቤት ነው፤ ስለዚህ በቃል ሳይሆን በቅኝት ተስማሙ፤ አንቺ ሆዬ ከሆነ በሩ ላይ እሱ አለ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያኔ አላውቅም።

የማውቀው እናቴን እንደሚያሞኟት ነበር። እናቴ ለሰናይት ከሁሉ ቀድማ ሳህን ታወጣለች፤ የተሻለውን ትመርጥላታለች። እያየሁ አንገቴን እደፋለሁ። አንድ ቀን ከቤቱ ጀርባ ልብስ ማጠቢያው ጋ ስደርስ ሰናይት የአባቴን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ስታለቅስ አገኘኋቸው። ከተሰጣው አንሶላ ኋላ ቆምኩ።

«ትንሽ ነው የቀረው» ይላታል። «ከዚህ ከወጣሽ ሁሉም ያልፋል።»

«ጋሼ፣ ሳሌም ታየኛለች። ፊቷ ልክ አይደለም።»

«ለልጅቷ ምንም እንዳትነግሪያት። እሷ ከሰማች አለቀ።»

ሰናይት ጎንበስ ብላ እጁን ሳመችው። አንሶላው ርጥብ ነበር፤ ፊቴ ላይ ሲለጠፍ የኦሞ ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ልጅቷ እኔ ነኝ። እኔ ከሰማሁ አለቀ። ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

በማግስቱ እናቴን ማድ ቤት አገኘኋት።

«እማዬ፣ ሰናይትን ለምን አታባርሪያትም?»

ቢላዋው ቆመ። «ምን አደረገችሽ?»

«ምንም።»

«እንግዲያው አርፈሽ ተቀመጪ» አለችና ሽንኩርቷን ቀጠለች። ታውቃለች ማለት ነው፤ አውቃ ዝም አለች ማለት ነው አልኩ። ከአባቴ ይልቅ በእሷ ያፈርኩት ያን ቀን ነው።

የዳግማ ትንሣኤ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ሰው ነጠላውን እንደለበሰ መጥቷል። የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ ገብረመድኅን መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ የጁባ ሐበሻ ሲጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። እኔ ማድ ቤቱ በር አጠገብ ሹካ በፎጣ እወለውላለሁ። ሰናይትን ከጠዋት ጀምሮ አላየኋትም። አባቴ የዓመት በዓል ዘፈን እየተጫወተ ነበር።

ዳምጠው ሁለት ሰዎች አስከትሎ ገባ። አልተቀመጠም።

«ጋሽ ገብረመድኅን፣ እንኳን አደረስዎ። ሚስቴ እርስዎ ቤት ናት።»

«የማን ሚስት?»

«የእኔ። ሰናይት። ዋውን ሳገላብጥ ከርሜ፣ ለካ እዚህ እኔ ስበላ እሷ ከራሴ በላይ አንሶላ ታነጥፋለች!»

አዳራሹ ተንጫጫ። ጋሽ ገብረመድኅን እጃቸውን አነሱ። «ተቀመጥና በሥርዓት ተናገር።»

«ለመቀመጥ ጊዜ የለኝም። ዛሬ አውሮፕላን ልትሳፈር ነው ብለውኛል። ፎቁን አይቼ ኤርፖርት እሄዳለሁ፤ እደርስባታለሁ።»

አባቴ ኪቦርዱን አጠፋ። ተነሣ።

«ኤርፖርት አትድከም» አለ። «ረጃፍ ናት።»

«ረጃፍ? ረጃፍ ምን ትሠራለች፣ ዓሣ ታጠምዳለች?» አብረውት የመጡት ሳቁ።

«ቤት ይዤላታለሁ።»

«አንተ? ምን አግብቶህ?»

«ምን ይመስልሃል?» አለ አባቴ።

አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ዳምጠው አባቴን ከራሱ እስከ ጫማው አየውና ሳቀ። «አንተ? ከዚህ ሽበትህ ጋር?» ወደ እናቴ ዞረ። «እትዬ በዛብሽ፣ ባልሽ የሚለውን ትሰሚያለሽ?»

እናቴ ጭልፋ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። «ከሰማሁ ሰነበትኩ» አለች።

ዳምጠው አንዴ እሷን አንዴ እሱን አየ። ነጋዴ ነው፤ የሰው ፊት እያየ የሚኖር ሰው ነው። ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ተነጋግራችኋል» አለ። «ሰዓት ልትበሉብኝ ነው። ኑ፣ ኤርፖርት!»

ሹካዎቹ ከእጄ የወደቁት ያን ጊዜ ነው። አለቀስኩ። ሰው ፊት የሚለቀስ ዓይነት አልነበረም፤ ንፍጥና ምራቅ የተቀላቀለበት፣ የትንፋሽ ጊዜ የማይሰጥ። «አውቅ ነበር!» አልኩ። «እኔ ከድሮም አውቅ ነበር!»

ዳምጠው ከበሩ ተመለሰ። ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለ።

«ሚጣ፣ ምንድን ነው የምታውቂው?»

«ሳሌም!» አለች እናቴ። ስሜን ብቻ ነው የጠራችው። ዝም በይ አላለችኝም።

«ዜማ አላት» አልኩት። «አባዬ ነው የሠራላት። ስትወርድ ይጫወትላታል፤ ስትሄድበት ያበላሸዋል። ልብስ ማጠቢያው ጋ እጁን ይዛ ስታለቅስ አይቻለሁ። ስማዋለች፣ እጁን ስማዋለች! ለልጅቷ እንዳትነግሪያት ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

አባቴ ወለሉን ያያል። ቀና ብሎ ውሸት ነው እንዲል ጠበቅኩ። ቢል ኖሮ ወዲያው አምነው ነበር።

«ልጄን ተዋት» አለ።

ዳምጠው ተነሥቶ በጥፊ መታው። መነጽሩ ኪቦርዱ ላይ ወደቀ፤ ኪቦርዱ ጠፍቶ ስለነበር ድምፅ አላወጣም። «ረጃፍ የት?»

«ወንዝ ዳር። ከዓሣ አጥማጆቹ አልፈህ፣ ሰማያዊ በር ያለው።»

ፒካፑ ከግቢው ሲወጣ አቧራው አዳራሹ ውስጥ ገባ። ረጃፍ ወደ ደቡብ ነው፤ ኤርፖርቱ በከተማው ሰሜን። ያኔ አቅጣጫ አላውቅም። ሰማያዊ በር ያለው ቤትም አልነበረም።

ሰው ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ። ኑርያን እናቷ በክንዷ እየጎተተች ወሰደቻት። ጋሽ ገብረመድኅን አባቴን «አንተ» ብለውት አያውቁም ነበር። «የሰው ሚስት መደበቂያ ቤት የለኝም» አሉት። «ዕቃህን አውጣ፣ አንተ። በልጅህ ፊት አታፍርም?»

«አፍራለሁ» አለ አባቴ።

ከሰዓት ግቢው ውስጥ ፍራሻችንን በገመድ ስናስር አውሮፕላን በላያችን አለፈ። እናቴ ገመዱን ለቃ ቀና አለች፤ ድምፁ እስኪጠፋ ቆማ አየችው። ቤታችን እየፈረሰ አውሮፕላን ትቆጥራለች ብዬ ተናደድኩባት።

ንያኩሮን ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየን። አባቴ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ ኬንያዊ ዘንድ ገመድ መዘርጋት ጀመረ። የቅዳሜው ትምህርት አበቃ። ማንም ልጁን እሱ ወዳለበት አይልክም። የሐበሻ ሠርግ ሲሆን ኬንያዊው ሌላ ሠራተኛ ይልካል፤ ጠሪዎቹ እንዲህ ብለው ነው የሚያዙት። ቤተ ክርስቲያን እሱ ከቆመበት ሰው ትንሽ ራቅ ይላል፤ ብዙ አይደለም፣ አንድ ሰው የሚያስቆም ያህል።

ባምላክ ትምህርት ቤት በር ላይ ይጠብቀኛል። «ሳሌም፣ እስኪ ያባትሽን ዜማ አንጎራጉሪልን! የሰናይትዬን!» ልጆቹ የማያውቁትን ዜማ እየፈጠሩ ይዘፍኑብኛል። ቤት ስገባ አባቴ «እንዴት ዋልሽ?» ይላል። ቦርሳዬን ጥዬ አልፈዋለሁ። «አባዬ» ማለት ተውኩ። ከእናቴ ጋር ሳወራ «እሱ» ነው የምለው፤ እዚያው አጠገባችን ተቀምጦ፤ «እሱ በላ?»፣ «እሱ መብራቱን አያጠፋም?»። እናቴ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም።

ክረምት ላይ ዳምጠው መንገድ ላይ አስቆመኝ። ከሲታ ሆኗል። ረጃፍን ቤት ለቤት ፈልጎ አጥቷል፤ ሌላ ቦታ ወስዶ ደብቋታል ብሎ አባቴን ያስጠብቅ ነበር።

«ሚጣ፣ ኩወይስ? ደህና ነሽ? ያቺ ሴትዮ እናንተ ቤት ደውላ ታውቃለች?»

«እሷን አታንሳብኝ!» አልኩት። «እሱ ይንገርህ፤ እሱን ጠይቀው!»

ፊቴን ሲያጠና ቆየ። ከዚያ በሐዘን ራሴን ደባበሰኝ። ጁባ ውስጥ የሚያዝንልኝ አንድ ሰው አገኘሁ ብዬ ቤቴ ድረስ እያለቀስኩ ሄድኩ። ስገባ ከዳምጠው ጋር ያወራነውን ለእናቴ ነገርኳት፤ አባቴ ይሰማል። ቀና ብሎ አየኝ፤ የሚገርም ፊት ነበር፤ ደስ ያለው ይመስላል። ለዚያ ፊት ምንም ታሪክ ላገኝለት አልቻልኩም፤ ስለዚህ ጠላሁት።

በፈረንጆች 2018 አዲስ አበባ ገባን። ዝምታው አብሮን ገባ፤ ከጊዜ በኋላ ግን ልማድ እንጂ ቁጣ አልነበረም። ለዩኒቨርሲቲ ከቤት ስወጣ ተሰናበትኩት፣ እሱም ሻንጣዬን ታክሲው ድረስ ያዘልኝ፤ ያን ያህል ነው።

እውነቱን የሰማሁት አምና፣ ዳምጠው ካምፓላ ውስጥ ታሞ ሞተ የሚል ወሬ የመጣ ቀን ነው። እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። «ተገላገልን» አለች፤ ምስሯን ሳታቆም ሁሉንም ነገረችኝ። ፓስፖርቱን፣ ጠባሳውን፣ ቅኝቱን። ሰናይት ደብረ ብርሃን ናት፣ አግብታለች። ሲነገር አጭር ነው።

አባቴ ሳሎን ሸሚዝ ይተኩሳል። ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

ምን እንደምጠይቀው ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። ካውያውን አቆመው። «ነገረችሽ?»

«ለምን አልነገርከኝም? በኋላ እንኳ። ከዚያ ቀን በኋላ እንኳ!»

«ዳምጠው እኔን አላመነኝም» አለ። «እናትሽንም አላመናትም። አይተሻል። ኤርፖርት ሊሄድ በሩን ይዞ ነበር።»

«አይቻለሁ።»

«አንቺን አመነ።»

ካውያው ተንተከተከ። ከአዳራሹ ያንን ቅጽበት ብቻ ነቅዬ አውጥቼ አየሁት፤ እናቴ ስሜን ስትጠራ፣ ከዚያ ሌላ ቃል ሳትጨምር ስትቀር።

«አስባችሁበት ነው?» አልኩት።

ሸሚዙን አጠፈ። ደግሞ ዘረጋው። «ያን ቀን ይመጣል ብለን አላሰብንም። ግን አንቺ እንደጠረጠርሽ እናውቅ ነበር። ሰናይትን አባርሪያት ስትያት እናትሽ ገብቷታል። ልንነግርሽ ተቀመጥን። ከዚያ በዛብሽ፣ ‹ተዋት፤ አንድ ቀን የሚጠይቅ ከመጣ የሷ ፊት ይሻላል› አለች። እኔም እሺ አልኩ። አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር፤ እሺ አልኩ።»

«እና ከዚያ በኋላ?»

«ከዚያ በኋላ እሱ እየተመላለሰ አንቺን ያይ ነበር። መንገድ ላይ ያስቆመሽ ቀን ትዝ ይልሻል?»

«ይለኛል።»

«ስትጠዪኝ ሳይ ገና ታምናለች እላለሁ። አንቺ ካመንሽ እሱም ጁባ ውስጥ ሲፈልጋት ይኖራል፤ ሰናይት ደህና ናት ማለት ነው። ፊትሽን ባዞርሽብኝ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ በልጄ ጥላቻ ደስ ብሎኝ አፍራለሁ። ጥፊውን፣ ሰዉን፣ ያንን ቻልኩት። ይሄኛውን ግን ለማንም አልነገርኩም።»

ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። እንዳደርገው የፈለገውን ነገር ነው ያደረግኩት፤ ለምኑ ነው ይቅርታ የምጠይቀው? እሱም አፉን ከፍቶ ነበር። ሸሚዙን መሐላችን አድርገን ሁለታችንም እንደ ደነዝ ቆምን።

እናቴ ከማድ ቤት «ጨረሳችሁ?» አለች።

«አልጀመርንም» አልኳት።